መጨረሻውን እያወቁ መጠበቅ፦ የተረት አኒሜሽን ፊልሞችና ታዳሚያቸው

ተረት የሚሰማ ልጅ ብዙ ጊዜ መጨረሻውን ያውቀዋል። ያንኑ ተረት ባለፈው ሳምንትም ሰምቶታል፤ ጅቡ በምን እንደሚታለል፣ ጦጣዋ በየት በኩል እንደምታመልጥ ልቅም አድርጎ ይዞታል። ነጋሪው አንዲት ነገር ቢዘልል «እንዲህ አልነበረም» ብሎ የሚያርመውም እሱ ነው። ታዲያ ምን ይጠብቃል? የሚጠብቀው አነጋገሩን ነው፤ ነጋሪው ዛሬ የጅቡን ድምፅ እንዴት እንደሚያወጣው፣ የት ላይ ዝም እንደሚል፣ የቱን ቦታ እንደሚያስረዝመው። የሥነ ቃል አጥኚዎች ክዋኔ የሚሉት ይህንን ነው። በክዋኔ ውስጥ ታዳሚው የበይ ተመልካች ሆኖ አይቀመጥም፤ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ ካልመለሰ ነገሩም አይጀመርም።

በተረት ወይም በአፈ ታሪክ ላይ የተመሠረተ አኒሜሽን ፊልም ሊወጣ ነው ሲባል የሚነሣው ወሬ ግን ሌላ ነው። ስቱዲዮው ርእሱን ያሳውቃል፤ ድምፃቸውን የሚያውሱት ታዋቂ ተዋንያን ስም፣ ፖስተሩና ትሬይለሩ ይከተላሉ። ሁሉም የሚያጓጉት ይህን ተረት እንዲህ ሆኖ አይታችሁት አታውቁም በሚል ቃል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚነሣው ከዚሁ ነው። የተረት ፊልምን በወጉ መጠበቅ የሚችለው ተረቱን አስቀድሞ የያዘ ታዳሚ ነው፤ ፊልም ሠሪውም የሚበረታው እንዲህ ያለ ታዳሚ ከፊቱ እንዳለ ሲያውቅ ነው። ተረቱን ለማያውቅ ሰው ሲቀርብ ግን ፊልሙ ከብዙ ቅጂዎች አንዱ መሆኑ ይቀርና ብቸኛው ተረት እሱ ይሆናል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለውጥ በራሱ የሚያስወቅስ ነገር አይደለም። ወንድማማቾቹ ግሪሞች በ1812 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ፣ ግንብ ላይ የተዘጋባት ራፑንዜል ልብሷ ለምን እየጠበባት እንደ መጣ አሳዳጊዋን ትጠይቃለች፤ አንባቢው መፀነሷን ይረዳል። ይህ ለልጆች አይመጥንም የሚል ወቀሳ ስለ ተሰነዘረ በ1819 እትም ጥያቄው ወጣ። እንግዲህ ከጥንት የወረደ ንጹሕ ቅጂ አለ ብሎ ፊልሞችን በእሱ መለካት የትም አያደርስም። ዲዝኒ ይህንኑ ተረት በ2010 ሲያወጣ የተደረገው ለውጥ ግን ዓይነቱ ሌላ ነበር። ፊልሙ «ራፑንዜል» እየተባለ ሲጠበቅ ቆይቶ ሊወጣ ወራት ሲቀሩት ስሙ «ታንግልድ» ሆነ። ከእሱ በፊት የወጣው «ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ» የተጠበቀውን ያህል ገበያ ስላላገኘ፣ በልዕልት ስም የሚጠራ ፊልም ወንዶች ልጆችን ያርቃል ተብሎ ተሠጋ። ግሪሞች ያረሙት ተረቱ ውስጥ ያለ አንድ ነገር ነበር፤ እዚህ ግን የተረቱ ስም ራሱ ከደጅ ቀረ።

የደራሲው የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን «የበረዶዋ ንግሥት» መንገድ ከዚህም ይረዝማል። በ1844 የታተመው ይህ ሥራ የአንድ ደራሲ ፈጠራ ስለሆነ በጥብቅ ሲታይ ሥነ ቃል አይባልም፤ ሆኖም ከትውልድ ትውልድ ሲተረክ ኖሮ የሕዝብ ሆኗል። ዲዝኒ ቤት ውስጥ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ሲነሣና ሲጣል ቆይቶ በ2013 «ፍሮዝን» ሆኖ ወጣ። በዝግጅቱ መሀል ንግሥቲቱ ክፉ ገጸ ባሕርይ ነበረች። ክሪስተን አንደርሰን ሎፔዝና ሮበርት ሎፔዝ «ሌት ኢት ጎ» የተባለውን ዘፈን ደርሰው ሲያመጡ ግን አዘጋጆቹ እንዲህ የምትዘፍን ሴት ክፉ ልትሆን አትችልም ብለው ታሪኩን እንደ ገና ሠሩት። ይህን ውሳኔ አደንቀዋለሁ፤ ነጋሪ እየተናገረ ሳለ በገዛ ድምፁ ተስቦ ተረቱን ሲያጥፈው ማየት ነውና። የጠፋውንም ግን መቁጠር ይገባል። በአንደርሰን ተረት ውስጥ ጌርዳ የምትባል ልጅ፣ ዓይኑና ልቡ ውስጥ የመስታወት ስባሪ የገባበትን ጓደኛዋን ካይን ፍለጋ ትወጣለች። የሚረዷት የሽፍታ ልጅ፣ ባልቴቶች፣ ቁራዎችና አጋዘን ናቸው። አስማት የላትም፤ ያላት መሄድ ብቻ ነው። ዛሬ ስለ በረዶ ንግሥት የሚጠየቅ ልጅ የፊልሙን ንግሥት ኤልሳን ይጠራል፤ ጌርዳን የሚያውቃት ጥቂት ነው። ለኅዳር 2027 የተቀጠረው «ፍሮዝን 3» ደግሞ የሚመዘንበት ተረት ከኋላው የለም፤ የሚመዘነው በቀደሙት ሁለት ፊልሞች ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም መጠበቅ ዕቃ ከመጠበቅ ብዙም አይለይም።

ተጠብቀው የቀሩም አሉ። በ2015 የታወጀው «ጃይጋንቲክ»፣ «ጃክና የባቄላው ግንድ» የተባለውን የእንግሊዝ ተረት ወደ ስፔን ሊወስድ ታስቦ በ2017 ተሰረዘ።

ወደ ቻይና ስንሻገር ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ነዣ የተባለው ሕፃን ጀግና ታሪኩ በሰፊው የሚታወቀው በ16ኛው ክፍለ ዘመን «ፌንግሸን ያንዪ» በተባለው ልቦለድ ነው። ልጁ የባሕሩን ዘንዶ ንጉሥ ልጅ ይገድላል፤ ንጉሡ ወላጆቹንና ከተማውን ሲያስፈራራ ሥጋውን ለእናቱ፣ አጥንቱን ለአባቱ መልሶ ራሱን ያጠፋል፤ በኋላም መምህሩ ከሎተስ አበባ አዲስ አካል ይሠራለታል። የሻንጋይ አኒሜሽን ፊልም ስቱዲዮ በ1979 ሲሠራው ያንን ትዕይንት አልሸሸገውም። ልጁ በማዕበልና በዝናብ መሀል ሰይፍ አንገቱ ላይ ያሳርፋል፤ አባቱ ደካማና ፈሪ ነው። የባህል አብዮቱ ካበቃ ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ልጆችና አባቶች እርስ በርስ በተካካዱበት ዘመን ማግስት ይህ ትዕይንት ለተመልካቹ ምን እንዳለው መገመት አያዳግትም።

ጂያውዚ በሚል ስም የሚታወቀው አዘጋጅ በ2019 ባወጣው «ነዣ» ይህንን ሁሉ ገለበጠው። አባትየው የልጁን ሞት ራሱ ሊሞትለት ተዘጋጅቶ ይገኛል፤ የዘንዶው ልጅ አው ቢንግ ጠላት መሆኑ ቀርቶ ብቸኛ ወዳጁ ይሆናል። ቀጣዩ ክፍል እስኪመጣ ተመልካቹ ከአምስት ዓመት በላይ ጠበቀ። በጥር 2025 ሲወጣ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ በአኒሜሽን ታሪክ የገቢውን ክብረ ወሰን ያዘ፤ አብዛኛው ገቢ ከቻይና ነው። እኔን ግን ከገንዘቡ ይልቅ የሚስበኝ አንድ ትዕይንት ነው። ነዣ በእርግማን ሰውነቱ እሾህ በእሾህ ሆኖ ሳለ እናቱ ታቅፈዋለች፤ እሾሁ እየወጋት አትለቀውም። የጥንቱን ታሪክ ለማያውቅ ይህ የእናት ፍቅር ነው፤ ልብ ይነካል፣ ያልፋል። የሚያውቀው ግን በዚያች ቅጽበት ሁለት ትዕይንት አንድ ላይ ያያል። በጥንቱ ታሪክ ልጁ ሥጋውን ለእናቱ መልሶ ዝምድናውን ይቆርጣል፤ እዚህ እናት በገዛ ሥጋዋ ዝምድናውን ታስራለች። የለውጡ ኀይል ያለው ከተለወጠው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ማነጻጸሪያውን ደግሞ ተመልካቹ ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ማነጻጸሪያው ከሕዝቡ እጅ እየወጣ ባለበት አገርስ? የአየርላንዱ ካርቱን ሳሉን ሥራ የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። በ1999 በኪልኬኒ ከተማ የተቋቋመው ይህ ስቱዲዮ «ዘ ሲክሬት ኦቭ ኬልስ»ን በ2009፣ «ሶንግ ኦቭ ዘ ሲ»ን በ2014፣ «ዎልፍዎከርስ»ን በ2020 አወጣ። የሁለተኛው መነሻ ከሦስቱ በጣም ያሳስባል። አዘጋጁ ቶም ሙር ከልጁ ጋር ለዕረፍት ወደ ምዕራቡ ባሕር ዳርቻ ሲሄድ ተገድለው አሸዋው ላይ የተጣሉ፣ ሲል የሚባሉ የባሕር እንስሳትን ያያል። ዓሣ አጥማጆች የዓሣው ማነስ በእነሱ ነው እያሉ ይገድሏቸው ነበር። ያረፉበት ቤት ባለቤት ታዲያ ድሮ ቢሆን ይህ እንደማይደረግ ነገረችው፤ እነዚህ እንስሳት ቆዳቸውን አውልቀው ሰው ይሆናሉ፣ ባሕር የበላቸው ሰዎች ነፍስም በእነሱ ያድራል የሚል እምነት ነበርና። ተረቱ ሲጠፋ እንስሳቱን የሚጠብቃቸው ነገር አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ፊልሙ ውስጥ ቤን የተባለው ልጅ ወደ አንድ ዋሻ ወርዶ ታላቁን ሻናኪ፣ ማለትም ባለ ተረቱን ሽማግሌ ያገኛል። የሽማግሌው ጢምና ጸጉር ዋሻውን ሞልቶታል፤ እያንዳንዷ ጸጉር አንድ ታሪክ ናት፤ አንዷ በረገፈች ቁጥር አንድ ነገር ይረሳል። ቤን መንገዱን የሚያገኘው አንዲቱን ጸጉር ተከትሎ ነው። ሙርና ባልደረቦቹ ተመልካቻቸው ተረቱን ከአያቱ አልሰማው ይሆናል ብለው ስለሚሠጉ፣ ተረቱን እየነገሩ የተረቱን ነጋሪም አብረው ያሳያሉ። ማወቅ የነበረበትን ነገር በፊልሙ ውስጥ ያስጨብጡታል። ይህ ከማጓጓት የሚበልጥ አክብሮት ነው።

አንድ ሰው በዕድሜው ከጠበቀው ሁሉ ረጅሙን ጥበቃ የማውቀው በጃፓን ነው። የቀርከሃ ቆራጩ ተረት በዚያ አገር ከተረፉት የዝርው ትረካዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው ይባላል፤ አንዲት ከጨረቃ የመጣች ልጅ ቀርከሃ ውስጥ ትገኛለች፣ በምድር ታድጋለች፣ በመጨረሻ ወደ ጨረቃ ትመለሳለች። አዘጋጁ ኢሳኦ ታካሃታ ገና ወጣት ሳለ በሚሠራበት ቶኤ ስቱዲዮ ይህንን ተረት ፊልም የማድረግ ሐሳብ ተነሥቶ ነበር፤ ሳይሠራ ቀረ። ታካሃታ ግን ተረቱን ከልቡ አላወጣውም፤ ግማሽ ምእተ ዓመት አልፎ በኅዳር 2013 በጂብሊ ስቱዲዮ «የልዕልት ካጉያ ተረት»ን አወጣው። ራሱ ያዘጋጀው የመጨረሻ ፊልም ሆነ፤ በ2018 ዐረፈ።

ጃፓናዊ ተመልካች ልጅቱ እንደምትሄድ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ያውቃል። ታካሃታ ይህንን ዕውቀት መሣሪያ ያደርገዋል። ልጅቱ እንቁራሪት አይታ እንደ እሷው ስትዘል፣ ከመንደር ልጆች ጋር ሜሎን ሰርቃ ስትበላ፣ በትንሿ ደስታ ሁሉ ላይ መሄዷ ተጽፎባታል። ሥዕሉም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ ዳርና ዳሩ ነጭ ሆኖ የተተወ፣ በውሃ ቀለም ስስ ሆኖ የተነካ ነው። ታካሃታ ያልተሞላ ሥዕል ተመልካቹን ያሳትፋል ብሎ ያምን ነበር። ይህ እምነት ከፍ ያለ ደረጃ የሚደርሰው በስም ማውጣቷ ግብዣ ሌሊት ነው። መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ ሰካራም እንግዶች ሲያቃልሏት ትሰማለች፤ በድንገት በሮቹን ሰብራ ትወጣለች። ያን ጊዜ ለስላሳው መስመር ይሰባበራል፤ ከሰል ይዞ በቁጣ የሚጭር እጅ የሣለው ይመስላል። የደረበችው ልብስ አንድ በአንድ ከላይዋ ይረግፋል፣ ፊቷ ጥቂት ጭረት ብቻ ይሆናል፣ ጨረቃዋ ከኋላዋ ትሮጣለች። የታሪኩ ሂደት እዚህ ላይ አልተቀየረም፤ በተረቱ ላይ የተጨመረው የነጋሪው ትንፋሽ ነው። ስለሚመጡት የተረት ፊልሞች ስጠየቅ መለኪያዬ ይህች ደቂቃ ናት።

የአገራችንን ነገር በዚህ መነጽር ስናየው የሚታየው ክፍተት ከቴክኖሎጂው ይቀድማል። አኒሜሽን የሚሠሩ ወጣቶች አሉን። ተረቶቻችንም ተሰብስበዋል፤ ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 ያሳተሙት መድበል አለ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ኤልዛቤት ሌይርድ በብሪቲሽ ካውንስል በኩል በየክልሉ ተዘዋውራ ያሰባሰበችው አለ። ሁለቱም በመጀመሪያ የወጡት በእንግሊዝኛ መሆኑ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። ተስፋዬ ሣህሉ፣ ልጆቹ እንደሚሉት አባባ ተስፋዬ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ሲተርኩ ስክሪኑ ላይ ነጋሪና ልጆች ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውን እያየ ያደገው ትውልድ አሁን ወላጅ ነው። ልጆቹ ኤልሳን የሚያውቋትን ያህል የእኛን ጦጣ አያውቋትም። አዲስ አበባ ያለውም ዋሽንግተን ያለውም ወላጅ ይህንን ይነግራችኋል። አንድ ቀን የሚወጣው የእኛ ፊልም የሚያርመው ልጅ ሳይኖር እንዳይወጣ እፈራለሁ።

ለምሳሌ በዚያ የ1950 መድበል ያለውን የአርሃን ተረት እንውሰድ። ሀብታም ጌታው ሌሊቱን ራቁቱን ተራራ ላይ ያለ እሳት ካደረ ቤት፣ መሬትና ከብት ሊሰጠው ይወራረዳል። አንድ ሽማግሌ ከማዶው ከፍታ ላይ እሳት ያነድለታል፤ አርሃ ያንን እሳት እያየ ብርዱን ችሎ ያነጋል። ጌታው ግን እሳት ማየትም መሞቅ ነው ብሎ ይክደዋል፤ ዳኛውም ይፈርድለታል። ከዚያ ኃይሉ የተባለ ሰው ጌታውንና ዳኛውን ጨምሮ ሰዎችን ግብዣ ይጠራል። የምግቡ ሽታ ከጓዳ ይመጣል፣ እንግዶቹ ይቀመጣሉ፣ ምግቡ ግን አይቀርብም። ይህንን ወደ ፊልም የሚያመጣ ትልቅ ስቱዲዮ ተራራውን ያገዝፋል፣ ነፋስና አውሬ ይጨምርበታል፤ ትሬይለሩም ከዚያ ይቆረጣል። ተረቱን የሚያውቅ ሰው ግን ዓይኑ የጓዳው በር ላይ ነው። አዘጋጁን ባገኘው የምጠይቀው ስለዚያ በር ነው፦ ሽታው ምን ዓይነት መስመር ይሆናል? ጌታውና ዳኛው እርስ በርስ ሲተያዩ ካሜራው ስንት ጊዜ ይታገሣል? ሳቁስ የሚመጣው ማን መጀመሪያ ሲገባው ነው?