እርከን ቆጠራ

የጥፋተኝነት ውሳኔ ተነብቦ ዳኛው «የቅጣት አስተያየት» ሲሉ ዐቃቤ ሕጉም ተከላካይ ጠበቃው እኔም የምንገልጠው የቅጣት እርከን ሰንጠረዥ አንድ ነው። ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 540 ለተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ይላል፤ በመሃል ያለው 15 ዓመት ለችሎቱ ፍቅድ ሥልጣን የተተወ ነበር። ሕጉ ራሱ በአንቀጽ 88(4) ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ ስላዘዘ፣ የመጀመሪያው በ2002፣ የተሻሻለው ቁጥር 2 ደግሞ በ2006 ወጣ።

ቅጣቱን ተቀራራቢ አድርጎታል? ሰንጠረዡ ላይ ከተደረሰ በኋላ፣ አዎ። ዛሬ ለደንበኛዬ ቤተሰብ ከዚህ እስከዚህ ብዬ መናገር እችላለሁ፤ ድሮ «እግዜር ያውቃል» ነበር የምንለው።

ክርክሩ ግን አልቀረም፤ እርከን ከመቆጠሩ በፊት ወዳለው ሥራ ሄደ። ከሰው ቤት ቴሌቪዥን የወሰደ ሰው በአንቀጽ 665 ከተከሰሰ ጣሪያው 5 ዓመት ነው። ሰብሮ ገብቷል ተብሎ በ669 ሲከሰስ ከ1 እስከ 15 ዓመት ይከፈታል። ስለዚህ መስቀለኛ ጥያቄዬ የሚያተኩረው በሩ ላይ ነው፦ ጓጉንቸሩ ተገንጥሎ ነበር ወይስ በሩ ገርበብ ብሎ? ፖሊስ የቁልፉን ፎቶ አንስቷል? ምስክሩ «ተከፍቶ አገኘሁት» ካለ መነሻው ሌላ ይሆናል። አንቀጹን የሚመርጠው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ መመሪያው እሱን አያዝም።

የቅጣት ማቅለያውም እንዲሁ። «ሪከርድ የለበትም» የሚለው በአንቀጽ 82(1)(ሀ) ብዙ ሳያከራክር ይያዛል። የቤተሰብ አስተዳዳሪነት ግን ወረቀት ይፈልጋል። መርካቶ የተወለደ ደንበኛዬ እህቱ በነጋታው ከወረዳው ደብዳቤ ይዛለት ትመጣለች። ከገጠር መጥቶ ቀን ሥራ ላይ የነበረው መታወቂያ እንኳ የለውም፤ አምስት ልጅ ቢኖረው በምን ያሳያል? ሁለቱ በአንድ ቀን፣ በአንድ ችሎት፣ በአንድ አንቀጽ ተቀጥተው የተለያየ እርከን ላይ ያርፋሉ፤ ስሌቱ ደግሞ በሁለቱም መዝገብ እንከን የለውም። ይግባኝ ብልስ ምን ብዬ?

መመሪያው ዳኛው ምክንያቱን ጽፎ ከሰንጠረዡ እንዲወጣ በር ትቷል። እኔ በሩን የማንኳኳው እንደ ቀን ሠራተኛው ላለ ሰው ነው። አንዳንዱ ዳኛ ጠይቆኝ ይመዘግባል፤ አንዳንዱ «ማስረጃ የለም» ብሎ ያልፋል።