የአሥር ሳንቲም ፎቶ

ሰሞኑን ሹተርስቶክ ላይ ገብቼ «ኢትዮጵያ» ብዬ ፈለግሁ። የመጣልኝን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም፦ ክብ ሸክላ ከንፈሯ ላይ ያደረገች የሙርሲ ሴት፣ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች፣ የዳሎል ቢጫ፣ ጀበናና ቄጤማ። ደግሞ ሙርሲ፣ ደግሞ ላሊበላ። ፎቶዎቹ መጥፎ አይደሉም፤ እንዲያውም ችግሩ እሱ ነው። ብርሃኑ ልክ ነው፣ ጥራቱ ልክ ነው፤ አንዳቸው ግን አንድ ሰው እዚያ ቆሞ የሆነ ነገር እንዳየ አይነግሩህም።

የፎቶ አንሺው ስንፍና ነው ብዬ ልለፈው ነበር። ሒሳቡን ሳየው ግን ተውኩት። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጁን 2020 የአከፋፈል ስርዓቱን ቀየረ፤ የፎቶ አንሺው ድርሻ እንደ ደረጃው ከ15 እስከ 40 በመቶ ሆነ፣ ደረጃው ደግሞ በየጃንዋሪው ተሰርዞ ከታች ይጀመራል። ለአንድ ፎቶ የሚከፈለው ትንሹ ገንዘብ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። መቶ ጊዜ ቢወርድ አሥር ዶላር ማለት ነው። በዚህ ዋጋ መርካቶ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሞ አንዲት ቅጽበት የሚጠብቅ ማን ነው? የሚያዋጣው ብዙ ማንሳት ነው፣ ያውም ሰው የሚፈልገውን። ካሜራው ሳይወጣ በፊት ቁልፍ ቃሉ ተጽፎ አልቋል፤ ፎቶው ለቃሉ ማሟያ ነው።

የሙርሲዋን ሴት እዚህ ላይ ማንሳት አለብኝ። ለመነሳት ገንዘብ ትጠይቃለች፤ ጎብኚዎችም «ገንዘብ አበላሻቸው» እያሉ ያማርራሉ። ይሄ ምሬት ገብቶኝ አያውቅም። ከሰንሰለቱ ሁሉ ገና ፎቶው ሳይነሳ ሒሳቧን የምትቀበለው እሷ ብቻ ናት! የፈቃድ ፊርማዋ ከሌለ ደግሞ ምስሏ የሚሸጠው ለዜናና ለመሰል ጉዳይ እንጂ ለማስታወቂያ አይደለም። ለማስታወቂያ የሚሆነው ፈርማ የምትስቀው ላፕቶፕ የያዘችው ልጅ ናት። አንዷ «ባህል»፣ ሌላዋ «ስኬት»፤ ሁለቱም ለሥራ ነው የተቀመጡት።

ከዚህ ተቃራኒ ሆና የምትጠቀሰው አይዳ ሙሉነህ ናት። አዲስ ፎቶ ፌስትን እ.ኤ.አ. በ2010 የመሠረተች፣ ሥራዎቿ በ2018 በኒው ዮርኩ ሞማ የታዩላት። እሷም ፊት ትቀባለች፣ እሷም ከባህል ትወስዳለች፤ ነገር ግን ቀዩንም ሰማያዊውንም የመረጠችው ራሷ መሆኗ ከሩቅ ያስታውቃል። ሆኖም «እንደ አይዳ ሥሩ» ብሎ ጀማሪን መምከር ቀልድ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚሸጠው በተወሰነ ቁጥር እየታተመ በጋለሪ በኩል ነው፤ ፋይሉ ሺህ ጊዜ ሊታተም ሲችል ጥቂት ብቻ ይሁን ማለትም የገበያ ብልሃት ነው። ጋለሪ የሌለው ልጅ ያለው ኢንተርኔትና አሥር ሳንቲሙ ነው።

ብዙ ገጾች ወደ ውስጥ ከሄድኩ በኋላ አንድ ፎቶ አገኘሁ። ዝናብ፣ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ባርኔጣቸው ላይ ፌስታል ያጠለቁ አዛውንት። ራሳቸው ቢረጥብ ግድ የላቸውም፤ ያሳሰባቸው ባርኔጣው ነው። ያነሳው ሰው ይህን አይቷል፤ ያለዚያ ዝቅ ብሎ ከባርኔጣው ትይዩ አያነሳም ነበር። ከሥሩ የተጻፉት ቃላት «አፍሪካ፣ ዝናብ፣ ድህነት፣ ሽማግሌ» ይላሉ። ባርኔጣ የሚል የለም። ስንት ጊዜ እንደተገዛ ገጹ አያሳይም።