«አስገባ» ወይስ «ያስገቡ»?

ቃላቱን ከፕሮግራሙ ነጥሎ በዝርዝር ለተርጓሚ መስጠት በቂ ነው የሚሉ የፕሮግራም አዘጋጆች አሉ። አሠራሩ ጠቃሚ ቢሆንም ለአማርኛ በቂ ነው ማለት ስሕተት ነው። የእንግሊዝኛ ትእዛዝ ጾታንና አክብሮትን አይለይም፤ የአማርኛው ግን «አስገባ»፣ «አስገቢ»፣ «ያስገቡ» እያለ ይለያል። በአማኑኤል ሰፈር አንዲትን አረጋዊት ነጋዴ «አስገባ» የሚል የመርካቶ ወጣት የለም፤ በስልካቸው ላይ ግን ይኸው ተጽፎ አይተናል። «ኦፕን» የሚለውም ዐውዱ ካልታወቀ «ክፈት» ይሁን «ክፍት» አይለይም። ፊደላችን እ.አ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 መካተቱ የጽሕፈትን ችግር አቃለለ እንጂ ይህን አልፈታም። ስለዚህ በበኩላችን «ያስገቡ»ን፣ ወይም ማንንም የማይጠራውን «ማስገቢያ»ን እንመርጣለን። አዘጋጁም ከቃሉ ጋር ዐውዱን ለተርጓሚው ሊሰጥ ይገባል እንላለን።