«በራ» እና «በራ»፦ በአማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ስላላቸው ቃላት የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በደብረ ብርሃን ስም ውስጥ የሚገኘው «ብርሃን» ከግእዙ «በርሀ» ግስ የወጣ ሲሆን፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት ከተማዋን ሲመሠርቱ ይህን ስም የሰጧት በሰማይ ስለታየው ብርሃን እንደሆነ ይተረካል። ይኸው ግስ በአማርኛ የጉሮሮ ድምፁን ጥሎ «በራ» ሆኗል፤ ኩራዝ በራ፣ መብራት በራ ይባላል። ጠጕር ያለቀበት ራስም እንዲሁ «በራ» በመባሉ፣ መላጣው ስለሚያብረቀርቅ ነው የሚለው ማብራሪያ ለሰሚ ይጥማል። ይሁን እንጂ ትግርኛ ይህን ትንታኔ አይደግፈውም፤ ብርሃንን በሃሌታው ሀ፣ ራሰ በራን ግን «በራሕ» ብሎ በሐመሩ ሐ ለይቶ ስለሚጠራ፣ ሁለቱ ቃላት ከተለያየ ሥር ተነሥተው በአማርኛ የተገናኙት ድምፆቹ ከጠፉ በኋላ መሆኑን ያሳያል።

በዚህ መንገድ አንድ ዓይነት ድምፅ ይዘው የቀሩ ፊደላት ሞክሼ ይባላሉ። የሞክሼነት ውጤት እጅግ ጎልቶ የሚታየው «ተማረ» በሚለው ቃል ነው፤ ትምህርት የቀሰመው ከ«መሀረ»፣ ይቅርታ ያገኘው ደግሞ ከ«መሐረ» የመጣ በመሆኑ፣ አፍ ያቀላቀላቸውን «ትምህርት» እና «ምሕረት» ጽሕፈት አሁንም ይለያቸዋል። ፀሐይ ወጣች ለማለት የሚያገለግለው የግእዝ «ሠረቀ» እና ሌብነትን የሚገልጸው «ሰረቀ»ም እንዲሁ ናቸው።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1839 ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋ የመጣው ሚሲዮናዊ ኢዘንበርግ፣ በ1841 ለንደን ላይ ባሳተመው መዝገበ ቃላት ከአማርኛ ጎን ያሰለፈው እንግሊዝኛም ሌሊትንና ባለማዕርግ ፈረሰኛ ጦረኛን እኩል «ናይት» ብሎ ይጠራል፤ የሁለተኛው ቃል መነሻ የሆነው የ«ከ» ድምፅ ከአፍ ቢጠፋም ፊደሉ እስከ ዛሬ ይጻፋል።

ሥርን በፊደል የመጠበቅ አቋም በአገር ውስጥ ጽኑ ደጋፊዎች ያገኘው በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌና ሥራቸውን ከዳር ባደረሱት በአለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ የግእዝ መዝገበ ቃላት በርእሱ «ሐዲስ» ሲል፣ አለቃ ደስታ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» በዐይኑ ዐ ይጀምራል፤ ይህም የግእዙን ሥር ሳይዘነጋ በአማርኛ የላላውን ድምፅ የተቀበለ አጻጻፍ በመሆኑ ከድርቅና የራቀ ነው። በአንጻሩ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የሞክሼ ፊደላትን መቀነስ መርጠዋል።

ፊደላቱ ቢቀነሱ ትርጉም ይፋለሳል የሚለው ስጋት ግን የተጋነነ ነው፤ «እግዜር ይማርህ» የተባለ ሕመምተኛ ትምህርት ቤት ግባ እንደተባለ አይቆጥርምና። የሞክሼ ፊደላት እውነተኛ ጥቅም የቃላትን ዘር ማሳየታቸው ሲሆን፣ ለዚያም ቢሆን የጥንት ጸሐፍት ራሳቸው ፊደላቱን እያፈራረቁ ስለጻፉ፣ አንድን ሥር ለመወሰን ትግርኛንና ሌሎች ሴማዊ ቋንቋዎችን ማነጻጸር ግድ ይላል። ደግሞም ለንባብ የበለጠ የሚያስቸግረው በተቃራኒው ያለው ጉዳይ ነው፤ ላልቶ ሲነበብ «እስካሁን»፣ ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል የሚሆነው «ገና»፣ እንዲሁም «ተናገረ» እና «ይገኛል» የሚሉትን ፍቺዎች የሚይዘው «አለ» በድምፅ ተለያይተው ሳለ በጽሕፈት አንድ ናቸው፤ ለዚህ ደግሞ የትኛውም ሞክሼ ፊደል መፍትሔ አይሰጥም።