ተሐዋስያንን በብርሃን ቀለበት ስለ መለየት፤ ለወላይታ ምን ይጠቅማል?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር ያሰብነው፤ ሆሎግራፊ የሚባለው የማይክሮስኮፕ ዘዴ ከኮምፒዩተር የሥዕል መለያ ጋራ ተጣምሮ ለወላይታ ጤና ጣቢያዎች ምን ሊያስገኝ እንደሚችልና እንደማይችል ነው። ስለዚህ መሣሪያ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የላቦራቶሪ ባለሙያውን እንደሚተካ አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን ይህ አባባል ሳይመረመር ሊታለፍ አይገባውም እንላለን፤ ምክንያቱም በስሕተቱ የሚጎዳው የመሣሪያው ሠሪ ሳይሆን፤ ከሁምቦ ቆላ ትኩሳት ይዞት ወደ ሶዶ የሚመጣው ሕፃን ነው።

አስቀድሞ የዘዴው አሠራር ይገለጽ። በሃንጋሪ የተወለደው ሊቅ ዴኒስ ጋቦር ሆሎግራፊን ያፈለቀው እ.ኤ.አ. በ1947 በእንግሊዝ አገር የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕን ለማሻሻል ሲደክም ነው፤ በ1971ም የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። ተራው ማይክሮስኮፕ ምስሉን በሌንስ ያጎላል። በሆሎግራፊ ግን እንደ ሌዘር ያለ ብርሃን በናሙናው ውስጥ ያልፋል፤ ተሐዋሲውን ነክቶ የተበተነው ብርሃን ሳይነካ ካለፈው ጋራ ሲገናኝ፤ ጠጠር በተጣለበት ኩሬ ላይ እንደሚታየው ያለ ቀለበት ይሠራል። ካሜራው የሚይዘው ይህን ቀለበት ነው፤ ኮምፒዩተሩም ወደ ኋላ አስልቶ ምስሉን ያወጣል። የሥዕል መለያው ደግሞ ባለሙያዎች አስቀድመው ስም ከሰጧቸው ብዙ ሥዕሎች ተምሮ፤ አዲሱን ሥዕል በተማረው መሠረት ይመድባል።

የዘዴው ጥቅም እውነተኛ ነው። በአንድ ጊዜ ከተያዘው ቀለበት በልዩ ልዩ ጥልቀት ያሉትን ነገሮች እያስተካከሉ ማየት ይቻላል። ብርሃን በአካላቸው ሲያልፍ ስለሚዘገይ፤ ቀለም ያልተቀባ ግልጽ ሕዋስም ይታያል። ስለዚህ የምንጭና የጉድጓድ ውሃን ለመመርመር፤ ለምሳሌ ከ8 እስከ 12 ማይክሮሜትር የሚሆነውን የጃርዲያ እንቁላል መሰል ቅርፊት ለመፈለግ፤ የተስማማ መሣሪያ ነው።

ሆኖም በወላይታ የሚመረመረው ውሃ ብቻ አይደለም። የአንጀት ትሎችንና የቢልሃርዝያን መተላለፍ ለማቋረጥ የታሰበው የጌሺያሮ ፕሮጀክት የጥናት ዕቅዱ በ2019 ታትሟል፤ የተመረጠውም ቦታ ይኸው ወላይታ ነው። ለእንዲህ ያለው ሥራ የተለመደው ምርመራ ካቶ ካትዝ ነው፤ ይኸውም 41.7 ሚሊግራም የተጣራ ዓይነ ምድር በመስተዋት ላይ ተደርጎ፤ ግሊሰሪን በጠጣ ሴሎፋን ተሸፍኖ፤ እንቁላሎቹ ይቆጠሩና በ24 ይባዛሉ። እንዲህ በወፈረ ናሙና ውስጥ ብርሃን እየደጋገመ ስለሚበተን፤ የሆሎግራፊው ቀለበት ይደፈርሳል። የሥዕል መለያው ግን በተራ ሌንስ ከተነሣ ፎቶግራፍ ጋራ ሊያገለግል ይችላል። የመንጠቆ ትል እንቁላል ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ እየጠፋ ስለሚሄድ፤ በጊዜው የተነሣ ፎቶግራፍ ትልቅ ጥቅም አለው። እንግዲህ ሁለት ልዩ ልዩ መሣሪያዎች በአንድ ስም ተጠርተው መመስገናቸው የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው የወባ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያ ፋልሲፓረምና ቪቫክስ የሚባሉት ሁለቱም የወባ ዓይነቶች ይገኛሉ፤ መድኃኒታቸውም አንድ አይደለም። ቪቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚመለስ፤ ስሙ ከተሳተ ሕመምተኛው ዳነ ከተባለ በኋላ እንደገና ይወድቃል። ባለሙያው ሁለቱን የሚለየው በጊምሳ ቀለም ነው፤ በአንድ ዓይነት ብርሃን የተያዘ ሆሎግራም ግን ቀለምን አይለይም። በሌላ በኩል በ2021 የታተመ ጥናት፤ ፈጣኑ የደም ምርመራ የሚፈልገው ፕሮቲን የጎደለው ፋልሲፓረም በሰሜንና በምዕራብ ኢትዮጵያ መኖሩን አሳይቷል። ስለዚህ የማይክሮስኮፕ ዋጋ ከፍ ይላል እንጂ አይቀንስም።

ሦስተኛው ከሁሉ የከበደ ይመስለናል። በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን አንዱን ማይክሮስኮፕ ተሰልፈን እየተመለከትን አሜባ እንድንስል ታዘዝን። አብዛኞቻችን የሳልነው ያየነውን ሳይሆን በመጽሐፉ ያለውን ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ የአየር አረፋ አይቶ አስኳል ጨምሮበት ሙሉ ነጥብ አገኘ። በሩቅ አገር ሥዕሎች ብቻ የተማረ መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ ያላየው ነገር ሲመጣ «አላውቅም» በማለት ፈንታ ከሚያውቃቸው ስሞች አንዱን ይለጥፍበታል።

በወላይታ ደግሞ በአጉሊ መነጽር ውስጥ ፈጽሞ የማይገኝ በሽታ አለ። በቀይ አፈር ላይ ባዶ እግሩን የሚያርሰው ገበሬ እግሩ የሚያብጠው በትል ሳይሆን ከአፈሩ በሚገቡ ደቃቅ ቅንጣቶች እንደ ሆነ፤ ሐኪሙ ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ ባደረገው ምርምር አስረድቷል። ለዚህ ሰው መሣሪያው «ምንም የለም» ቢል እውነት ነው፤ ነገር ግን ሰውየው ታሟል። ጫማና የእግር እጥበት እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው እግሩን ያየ ሰው ነው።

ስለዚህ መሣሪያው ይምጣ እንላለን፤ ነገር ግን እንደ ዳኛ ሳይሆን እንደ ረዳት ይምጣ። ስም ብቻ ሳይሆን ሥዕሉንም ለባለሙያው ያሳይ፤ የተጠራጠረውንም ለይቶ ያቅርብ። የሚማርባቸውም ሥዕሎች ከአባያ ዳርና ከዳሞታ ተራራ ሥር ካሉ ሕመምተኞች፤ በራሳቸው ፈቃድ፤ ይሰብሰቡ። ይህን ሥራ በሶዶ ያለው ዩኒቨርሲቲና የወረዳ ላቦራቶሪዎች ተባብረው ሊጀምሩት ይችላሉ፤ ለእኛም ለተማሪዎች የሚበቃ ድርሻ አለበት።