በሲኤንሲ ማሽን ላይ የተገጠመ ሌዘር ጠቋሚ፦ ጥሩ ሥራ በምን ይለያል?

ለትንሽ የጠረጴዛ ሲኤንሲ ሌዘር ጠቋሚ መግጠም ቀላል ሥራ ይመስላል። በ5 ቮልት የሚሠራ አነስተኛ ሞጁል ከስፒንድሉ ጎን ይታሰራል፤ ጣውላው ላይ ቀይ መስቀል ያበራል፤ ባለማሽኑም የጣውላውን ጥግ ወይም መሃል በመስቀሉ ፈልጎ ዜሮውን ይይዛል። መቁረጡ ሁሉ የሚነሣው ከዚያ ዜሮ ነው። ጠቋሚው ከዋሸ ማሽኑ የተሳሳተውን ቦታ በትክክል ይቆርጠዋል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀርብልኝ የብርሃኑን ድምቀት ትቼ፣ መስቀሉ በየትኛውም ከፍታ ያንኑ ቦታ ማሳየቱን እመረምራለሁ።

መጀመሪያ የሚታየው ዝንባሌ ነው። ጨረሩ ከዜድ ጉዞ ጋር ትይዩ ካልሆነ ስፒንድሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር መስቀሉ ወደ ጎን ይሸሻል። የአንድ ዲግሪ ዝንባሌ በ100 ሚሊሜትር ከፍታ 1.7 ሚሊሜትር ያህል ያሳስታል። ማቀፊያውን በዐይን አይቶ አንድ ዲግሪ መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ይፈተናል። ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ለጥፉ፣ የመስቀሉን መሃል በእርሳስ ነጥብ አድርጉ፣ ዜድን እስከ ላይ አንሡት። መስቀሉ ከነጥቡ ካልተነቃነቀ ገጣሚው ሙያውን ያውቃል። ሌዘሩ ከዜድ ጋር በማይወጣና በማይወርድ ክፍል ላይ ከታሰረ ግን ይህ ፈተና ምንም አይነግራችሁም። ያን ጊዜ በስፒንድሉና በመስቀሉ መካከል ያለውን ርቀት አንድ ጊዜ በቀጭን ኮምፐርሳቶ፣ አንድ ጊዜ በወፍራም ጣውላ ላይ ለክታችሁ አነጻጽሩ።

በብዙ ርካሽ ሞጁሎች ጨረሩ ከራሱ ቱቦ ጋር እንኳ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ቱቦውን በቦታው ብታሽከረክሩት የመስቀሉ መሃል ክብ እየሠራ ይዞራል። ማቀፊያው ማስተካከያ ብሎኖችና ማጥበቂያ ሊኖረው የሚገባው ለዚህ ነው። ጥብቅ ቀዳዳ ውስጥ ተሸጉጦ የቀረ ሌዘር በአጋጣሚ ካልሆነ በቀር አይቀናም።

ሁለተኛው መመዘኛ ርቀቱ የተያዘበት መንገድ ነው። ከስፒንድሉ ጎን ያለ መስቀል በኤክስና በዋይ የተወሰነ ርቀት ይኖረዋል፤ ይህን በማስመሪያ የለካ ሰው ሥራውን ገና አልጨረሰም። ትክክለኛው መለኪያ ማሽኑ ራሱ ነው። ሹል ቢት ትንሽ ነጥብ ይበሳል፣ እዚያው ኤክስና ዋይ ዜሮ ይደረጋሉ፣ ከዚያ መስቀሉ ነጥቡ ላይ እስኪያርፍ ማሽኑ ይንቀሳቀሳል። ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ቁጥር ርቀቱ ነው። ጂአርቢኤል የተባለውን የመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር በሚጠቀም ማሽን ላይ ጥሩ ባለሙያ ይህን ቁጥር በዜሮ መያዣው «ጂ10 ኤል20» ትእዛዝ አድርጎ በአንድ ቁልፍ ላይ ያኖረዋል። በ«ጂ92» የተያዘ ዜሮ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ በ«ጂ10» የተያዘው ግን ይቆያል።

ከሁሉ የማደንቀው በሁለት የመስመር ሌዘሮች የተሠራውን ነው። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከጎን ይቆማል፤ የሁለቱም የብርሃን ገጽ በስፒንድሉ መሃል መስመር ያልፋል። ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት በዚያው መስመር ላይ ስለሆነ መስቀሉ በማንኛውም ከፍታ ከቢቱ በታች ነው፤ የሚደመር ወይም የሚቀነስ ርቀት የለም። ለመፈተን ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ስፒንድሉ ላይ እሰሩ፤ እያንዳንዱ ብርሃን በዘንጉ መሃል ከላይ እስከ ታች ሳይዛነፍ መውረድ አለበት። ማስተካከሉ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ድካሙ ግን አያስቆጭም።

ሦስተኛው መመዘኛ የአገጣጠሙ ጥንካሬና ደኅንነት ነው። ማቀፊያውን በጣት ገፋ አድርጋችሁ ልቀቁት፤ መስቀሉ ወደ ቦታው ካልተመለሰ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከፒኤልኤ ፕላስቲክ የታተመ ማቀፊያ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚለሰልስ ከጋለ ሞተር ጋር መጣበቅ የለበትም። ሽቦውንም እዩ፦ ለመቅረጫ ሌዘር የተዘጋጀው ሶኬት 12 ቮልት ሊያወጣ ስለሚችል የ5 ቮልት ሞጁል ያቃጥላል። ሌዘሩ በመቆጣጠሪያ ቦርዱ የማቀዝቀዣ መስመር፣ ማለትም በ«ኤም8» እየበራ በ«ኤም9» እንዲጠፋ ማድረግ ብልህነት ነው፤ ነገር ግን በትራንዚስተር በኩል እንጂ በቀጥታ ከቦርዱ ቺፕ እግር አይደለም። ለዐይን ከ1 ሚሊዋት በታች የሆነው ይመረጣል፤ አልሙኒየም ጨረሩን ወደ ፊት መልሶ ይወረውራልና።

የመስመሩ ውፍረት ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ከሆነ ከዚያ እጅግ ያነሰ ትክክለኛነት መጠበቅ ከንቱ ነው። ለእንጨት ቅርጽ ይበቃል፤ ተገልብጦ በሁለቱም ገጽ ለሚቆረጥ ሥራ ግን ፒን ወይም የንክኪ መለኪያ ያስፈልጋል። ይህን ገደብ በግልጽ የሚነግራችሁን ገጣሚ እመኑት።

ሁሉንም ባንድ ላይ የሚፈትነው ግን ቀዳዳ ነው። ቁራጭ ጣውላ ላይ በእርሳስ መስቀል ሥሩ፣ ሌዘሩን አሳርፉበት፣ ዜሮውን ያዙ፣ ቢቱን ወደ ዜሮ ልካችሁ ጥቂት አስበሱ። ያንኑ ውፍረቱ በተለየ ጣውላ ድገሙት። ቀዳዳው ሁለቱንም ጊዜ የእርሳሱ መስመሮች ከሚገናኙበት ላይ ካረፈ ሥራውን ሳታመነቱ ተረከቡ።