ከኢያሱ በኋላ ማን?

ስለ አመራር በተወራ ቁጥር ሙሴና ኢያሱ ሳይነሡ አይቀሩም። ሰባኪው ያነሣቸዋል፤ የአመራር አሠልጣኙም ያነሣቸዋል። ሁለቱን ስሞች ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ይጽፍና ከአንዱ ወደ ሌላው ቀስት ይስላል። «ተተኪ ማፍራት እንዲህ ነው!» ይላል። እኛም ራሳችንን እየነቀነቅን ማስታወሻ እንይዛለን። ደግሞ እውነቱን ነው። ግን አንድ ነገር ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ቀስቱ ኢያሱ ላይ ደርሶ ይቆማል። ከኢያሱስ ወደ ማን ነው የሚሄደው?

ጥያቄው ለቀልድ አይደለም። ከኦሪት ዘኁልቁ እስከ መጽሐፈ ነገሥት ያለውን ታሪክ ሳያቋርጥ ያነበበ ሰው የሚያገኘው የተሳካ ርክክብ ሳይሆን፣ በተበላሸ ርክክብ ላይ የተደረበ ሌላ የተበላሸ ርክክብ ነው። የሙሴና የኢያሱ ነገር ከልማዱ ያፈነገጠው ነው። እኛ ግን አንድ ጊዜ የሆነውን ይዘን ደንብ አደረግነው።

እስቲ መጀመሪያ የሚመሰገነውን እናመስግን። ዘኁልቁ ምዕራፍ 27 ላይ ሙሴ ሞቱ እንደቀረበ ይነገረዋል። ተራራ ላይ ወጥቶ አገሪቱን በዓይኑ ያያል እንጂ አይገባባትም። አርባ ዓመት በረሃ ለበረሃ ሲንከራተት ለኖረ ሰው ይህ መርዶ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ከአፉ የሚወጣው ግን ስለ ራሱ አይደለም፤ ሕዝቡ እረኛ እንደሌለው መንጋ እንዳይበተን ሰው እንዲሾምለት ይለምናል። ሙሴ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሩት። እዚህ ላይ ስማቸው እንኳ አይነሣም። የተመረጠው ከሌላ ነገድ፣ ከኤፍሬም የሆነው የነዌ ልጅ ኢያሱ ነው። ሹመቱም በጓዳ አልተፈጸመም፤ በካህኑ በአልዓዛር ፊት፣ በማኅበሩ ሁሉ ፊት፣ እጅ ተጭኖበት ነው። ሙሴ በሕይወት ሳለ ከክብሩ ከፍሎ እንዲሰጠው ታዘዘ። ከክብር ከፍሎ መስጠት! ወንበሩን እስከ ሬሳ ሣጥኑ ድረስ ጨብጦ መቆየት በለመደ ዓለም ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ኢያሱም በአንድ ጀምበር የበቀለ ሰው አይደለም። ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ውጊያ ጦሩን የመራው እሱ ነበር። ሙሴ ወደ ሲና ተራራ ሲወጣ አብሮት ተነሥቷል። ምድሪቱን ሊሰልሉ ከተላኩት 12 ሰዎች ወኔያቸው ያልከዳቸው እሱና ካሌብ ናቸው። ተግሣጽም ቀምሷል። ኤልዳድና ሞዳድ የተባሉ ሁለት ሰዎች ሰፈር ውስጥ ትንቢት ተናገሩ ሲባል ኢያሱ ይከልከሉ አለ። ሙሴ ግን ስለ እሱ ክብር መቅናቱን አልወደደለትም፤ ሕዝቡ ሁሉ ነቢይ ቢሆን ደስታው እንደሆነ ነገረው። ለጌታው ክብር የሚቆረቆርን አገልጋይ የሚገሥጽ አለቃ ስንት ታውቃላችሁ?

ታዲያ ይህ ሁሉ የተደረገለት ኢያሱ ምን አደረገ? ምድሪቱን ለነገዶቹ አከፋፈለ። ሲያረጅ ሽማግሌዎችን፣ አለቆችንና ፈራጆችን ሴኬም ላይ ሰበሰበ። ታሪካቸውን ከአብርሃም አባት ጀምሮ ተረከላቸው፤ ቃል ኪዳን አስገባቸው፤ ከአድባር ዛፍ ሥር ትልቅ ድንጋይ ለምስክርነት አቆመ። ከዚያ በ110 ዓመቱ ሞተ። በቃ። እጁን የጫነበት ሰው የለም፤ በሕዝብ ፊት ያቆመው ሰው የለም። መጽሐፈ መሳፍንት የሚከፈተውም በዚህ ባዶ ቦታ ላይ ነው፤ ኢያሱ ከሞተ በኋላ ሕዝቡ «ማን ይቅደም?» እያለ ሲጠይቅ።

ለኢያሱ ጥብቅና የሚቆም ሰው ምን እንደሚል ይገባኛል። «የኢያሱ ሥራ ጦርነትና ርስት ማከፋፈል ነበር፤ ሥራው ካለቀ ተተኪ ምን ያደርጋል?» ይላል። ጥሩ ክርክር ነው። በእርግጥም የሙሴ አማት ዮቶር በመከረው መሠረት የሺህ፣ የመቶ፣ የአምሳና የአሥር አለቆች ተሹመው ነበር። በየከተማው ፈራጅ እንዲሾም ኦሪት ዘዳግም ያዝዛል። ነገዶቹም የየራሳቸው ሽማግሌዎች ነበሯቸው። ከሁሉም በላይ ንጉሣቸው እግዚአብሔር ነው። እንዲህ ያለ ሕዝብ አንድ ትልቅ ሰው ባይኖረው ምን ይጎድለዋል?

እስከዚህ ድረስ እስማማለሁ። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 2 ላይ የውድቀቱን ምክንያት ሲነግረን መሪ ስለጠፋ ነው አይለንም። የሚለን ሌላ ነው፤ ሕዝቡ በኢያሱ ዘመን፣ ከኢያሱም በኋላ በቆዩት ሽማግሌዎች ዘመን በእምነቱ ጸንቶ ነበር፤ እነሱ ሲያልፉ ግን አምላኩንም፣ የተደረገለትንም የማያውቅ ትውልድ ተተካ። ልብ በሉ፤ መነሻው ክህደት ሳይሆን አለማወቅ ነው። እምነቱ በዓይን ምስክሮች ትከሻ ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ ምስክሮቹ ሲቀበሩ አብሮ ተቀበረ። ለልጁ ማን ሊነግረው ይገባ ነበር? አባቱ። ዘዳግም ምዕራፍ 6 ቤት ውስጥም መንገድ ላይም ለልጆች ይነገር ብሎ ሲያዝ ትእዛዙን ለሙሴና ለኢያሱ ብቻ አልሰጠም፤ ለየቤቱ ነው የሰጠው። እንግዲህ ርክክቡ ሁለት ነበር፤ አንዱ የወንበር፣ ሌላው የእምነት። እኛ ስለ ወንበሩ ስንከራከር ሁለተኛውን ረሳነው።

ለዚህ ማስረጃ የሚፈልግ የዚያኑ መጽሐፍ ምዕራፍ 18 መጨረሻ ያንብብ። የዳን ነገድ ከሰው ቤት ዘርፎ ላመጣው ምስል ካህን ያደረገው ወጣት ማንነት እዚያ ይገለጣል። ዮናታን ይባላል፤ የጌርሳም ልጅ፣ የሙሴ የልጅ ልጅ! ይህ ነገር ለዕብራይስጥ ጸሐፍት በጣም ከብዷቸው በሙሴ ስም መሀል አንዲት የ«ነ» ፊደል ከመስመሩ ከፍ አድርገው ሰቀሉባት፤ አንባቢው «ምናሴ» ብሎ እንዲያልፍ። ፊደሏ ዛሬም በዕብራይስጡ መጽሐፍ ላይ እንደተሰቀለች ናት። ሙሴ ወንበሩን ለልጁ ባለማውረሱ ይመሰገናል። ሕጉን ግን የልጅ ልጁ አልወረሰም።

ከዚያ ወዲያ የሚመጣው ሁሉ ይህንኑ ይመስላል። ጌዴዎን ድል ካደረገ በኋላ ሕዝቡ ለአንተም፣ ለልጅህም፣ ለልጅ ልጅህም እንገዛ ሲለው እንቢ አለ፤ የሚገዛቸው አምላካቸው እንደሆነ ነገራቸው። እንዴት ያለ እምነት ነው ብለን አድንቀን ሳንጨርስ፣ ሰውየው ከምርኮው ወርቅ ኤፉድ ሠርቶ በከተማው ያኖራል፤ እንደ ነገሥታቱ ብዙ ሚስቶች ያገባል፤ 70 ልጆች ይወልዳል። ሴኬም ካለችው ቁባቱ የተወለደውን ልጅ ደግሞ «አቤሜሌክ» ብሎ ይሰይመዋል። ትርጉሙ «አባቴ ንጉሥ ነው» ማለት ነው። በአፉ የመለሰውን ዘውድ በልጁ ስም ተቀበለው። ልጁም ስሙን አመነና ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ፈጅቶ ነገሠ። ሦስት ዓመት ገዝቶ አንዲት ሴት ከግንብ ላይ በለቀቀችው የወፍጮ መጅ ጭንቅላቱን ተፈረከሰ። እንግዲህ «እኔ ሥልጣን አልፈልግም» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ልጁን ማን ብሎ እንደሰየመው ጠይቁ።

የሳሙኤል ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ሳሙኤል በሕፃንነቱ የተቀበለው የመጀመሪያ መልእክት ስለ ካህኑ ስለ ዔሊ ቤት ነበር። የዔሊ ልጆች አፍኒንና ፊንሐስ የመሥዋዕቱን ሥጋ እየቀሙ ሕዝቡን አስመረሩ፤ አባታቸው በለሆሳስ ከመምከር በቀር አላስቆማቸውም። ብላቴናው ሳሙኤል ይህን ሰምቷል፤ ፍጻሜውንም አይቷል። አርጅቶ ግን ሁለቱን ልጆቹን ፈራጆች አድርጎ ሾመ። እነሱም ጉቦ በሉ፤ ፍርድ አጣመሙ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለውን ተረት ሳይሰሙት ተገበሩት። ሽማግሌዎቹ ወደ አርማቴም ሄደው «ንጉሥ አንግሥልን» ያሉት ይሄኔ ነው። በስብከታችን የሚወቀሱት ሁልጊዜ ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እንደ አሕዛብ መሆን አማራቸው ይባላል። ወቀሳው በመጽሐፉም አለ፤ ልክ ነው። ግን አቤቱታቸው ከምን እንደጀመረ ማን ያነሣል? አንተ አርጅተሃል፣ ልጆችህም በመንገድህ አይሄዱም ነው ያሉት። ይህ እውነት ነበር። የሕዝብን ትክክለኛ ብሶት በእምነት ጉድለት ስም ማለፍ የተጀመረው ዛሬ አይደለም።

ወደ ዳዊት ስንመጣ ሁለት መጻሕፍት ሁለት ወሬ ያወሩናል። እንደ ዜና መዋዕል ከሆነ ዳዊት አለቆቹን ሁሉ ሰብስቦ፣ የመቅደሱን ንድፍ አስረክቦ፣ ሰሎሞንን በአደባባይ አነገሠ። መጽሐፈ ነገሥት የሚያሳየን ግን ልብስ ቢደራረብለትም የማይሞቀው አንድ ሽማግሌ ነው። ልጁ አዶንያስ ከጦር አለቃው ከኢዮአብና ከካህኑ ከአብያታር ጋር ሆኖ ድግስ ደግሶ ለመንገሥ ይነሣል፤ አባቱ በዕድሜው ሙሉ አንድ ቀን ተቆጥቶት አያውቅም ይላል መጽሐፉ። በሌላ በኩል ነቢዩ ናታንና ቤርሳቤህ ተመካክረው ወደ አልጋው ቀርበው ማለውልን ነበር ብለው ያስታውሱታል። መሐላው ግን ከዚያ በፊት በመጽሐፈ ሳሙኤል የትም አልተተረከም። ሰሎሞን በጥድፊያ በበቅሎ ተጭኖ ግዮን ምንጭ ላይ ተቀባ። ጀርመናዊው ሊቅ ሌዮንሃርድ ሮስት በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ከሳሙኤል ካልዕ እስከ ነገሥት መጀመሪያ ያለውን ትረካ «ዳዊትን ማን ይተካዋል?» በሚል አንድ ጥያቄ የተያያዘ ድርሰት ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሁለቱንም ትረካ ሳይሰርዙ ጎን ለጎን አስቀምጠውልናል። እኛ ግን የምንሰብከው ደስ የሚለውን ብቻ ነው።

ሰሎሞንስ? በስሙ የሚጠራው መጽሐፈ ምሳሌ «ልጄ ሆይ» እያለ ሲመክር ይውላል። የገዛ ልጁ ሮብዓም ግን ሴኬም ላይ ሕዝቡ ቀንበራችንን አቅልልልን ሲለው ሽማግሌዎቹን ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ፤ ከአባቴ የባሰ አከብድባችኋለሁ ብሎ መለሰ። አብዛኛው ሰው «ወጣት ስለነበረ ነው» ይላል። ኧረ ወዲያ! ሲነግሥ 41 ዓመቱ ነበር። 40 ዓመት በነገሠው ጠቢብ ቤተ መንግሥት ውስጥ ያደገ ጎልማሳ ነው። አሥሩ ነገድ ተገንጥሎ ሄደ። በሰሜኑ መንግሥት ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ውስጥ 19 ነገሥታት ተፈራረቁ፤ ዘምሪ የሚባለው የቆየው ሰባት ቀን ብቻ ነው።

ይህ ለእኛ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ክብረ ነገሥት የነገሥታቶቻችንን ዘር ከሰሎሞን ቤት ይመዝዛል፤ የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ይህንኑ በአንቀጽ አስፍሮት ነበር። ከዚያ ቤት ዘውዱን ወረስን ካልን ሕመሙንም ወርሰናል። ለዘውዱ የሚያሰጉ ልዑላን በግሸን አምባ፣ በኋላም በወህኒ አምባ ላይ ይታሰሩ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ከታመሙ በኋላ በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው በአዋጅና በእርግማን አሰሩት፤ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከሥልጣን ወረደ። እርግማን የሥርዓትን ቦታ አልተካም።

ለመሆኑ እምነት በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንድን ነው? «ፈጣሪ ያዘጋጀው ሰው አለ፤ እኛ ምን አገባን» የሚለው አነጋገር የእምነት ይመስላል። ነገር ግን ከሙሴ የበለጠ በፈጣሪው የታመነ ማን ነበር? እሱ ግን ዝም ብሎ አልሞተም። ጠየቀ፤ እጁን ጫነ፤ ከክብሩ ከፈለ። ምርጫውን ለአምላኩ ተወ፤ ዝግጅቱን ግን አልተወም። ሁለቱን የምናምታታው እኛ ነን፤ የራሳችንን ስንፍና ለፈጣሪ ስንሰጠው።

ሌላው ትምህርት የባሰ የሚቆረቁር ነው። በመልካም የተረከበ ሁሉ በመልካም አያስረክብም። ኢያሱን አየን። ኤልሳዕም ከኤልያስ መጎናጸፊያ ወርሷል፤ የእሱ ሎሌ ግያዝ ግን ስጦታ አሳዶ ለምጽ ተሸክሞ ተመለሰ፤ የኤልሳዕን መጎናጸፊያ የወረሰ ሰው ስሙ አልተጻፈም። አንድ ጥሩ ርክክብ የሁለት ደግ ሰዎች ሥራ ነው፤ ልማድ የሚሆነው ሦስተኛውና አራተኛው ሰው ሲደግመው ነው። በየማኅበሩ፣ በየዕድሩ፣ በየደብሩና በየድርጅቱ «መሥራቹ እያሉ እኮ እንዲህ አልነበረም» የምንለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሴኬምን አስተውላችኋል? ኢያሱ ቃል ኪዳኑን ያስገባው ሴኬም ነው። አቤሜሌክ የነገሠው በዚያችው ሴኬም፣ በአድባር ዛፍ ሥር ነው። የዳዊት መንግሥት ለሁለት የተሰነጠቀውም ሴኬም ላይ ነው። ኢያሱ ያንን ድንጋይ ሲያቆም የተባለውን ሁሉ ሰምቷልና ምስክር ይሆንባችኋል ብሎ ነበር። ድንጋዩ ሰምቶ ይሆናል። ለልጆቹ መንገር ግን የድንጋዩ ሥራ አልነበረም።